አምስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ማን ጨመራት?

(ቅዱስ መጽሐፍ ቃል በቃል ብቻ ይነበብ ለሚሉን ሁሉ)

መቼም በዚህ አገር የማይነኩ ሁለት ነገሮች አሉ ይባላል። አንዱ መንግሥት ነው፤ ሌላው ሃይማኖት ነው። መንግሥትን የነካ ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ከእኛ በላይ ያውቀዋልና እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ ሁለተኛውን እንነካለን። የምንነካው ግን ለማቁሰል አይደለም፤ የታመመው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፋር በረሃ የወጣ አጥንት የሦስትና የአራት ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው ይባላል። የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ሐረግ እየደመረ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ከአዳም እስከ ዛሬ ያለው ዘመን ሰባት ሺህ ተኩል ገደማ ነው ይላል። በዚህ የተነሣ፣ «ወይ አጥንቱን እመን፣ ወይ መጽሐፉን እመን፤ መሐል ሰፋሪ የለም» የሚሉ ሰባኪዎች በየዓውደ ምሕረቱ፣ በየአዳራሹና በየቪዲዮው በዝተዋል። «መሐል ሰፋሪ» የምትለዋን ስድብ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እናውቃታለን። ያን ጊዜም ቢሆን የምትሰነዘረው ሰው እንዳያስብ ለማድረግ ነበር።

ከማዶ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። «አጥንቱን ካየህ በኋላ መጽሐፉን ምን ያደርግልሃል? ወርውረው!» የሚሉ ሁለት መጻሕፍት አንብበው የጨረሱ ምሁራን። የሚገርመው እነዚህ ሁለት ጠበኞች በአንድ ነገር ላይ ፍጹም ተስማምተዋል፤ መጽሐፉ አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው፣ እሱም የፊደሉ ትርጉም ብቻ እንደሆነ። አንዱ በዚሁ ምክንያት ሳይንሱን ይረግማል፤ ሌላው በዚሁ ምክንያት ሃይማኖቱን ይሳለቅበታል። መሐል ላይ የሚቀጠቀጠው ግን ጠዋት ባዮሎጂ ተምሮ ማታ ጉባኤ የሚሄደው ልጅ ነው።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ይህ «ወይ ይኼ ወይ ያ» የሚባለው ጠብ የአባቶቻችን አይደለም። አባቶቻችን ከዚህ የሰፋ ንባብ ነበራቸው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ እያንዳንዳችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ አለ።

ሄኖክና ጳጉሜን

መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ለዓለም ጠብቃ ያቆየች ኢትዮጵያ ናት። አውሮፓውያን መጽሐፉ ጠፍቷል ብለው ተስፋ ቆርጠው ሳለ ነው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ከእኛ አገር የወሰዳቸውን የግእዝ ቅጂዎች ይዞላቸው የገባው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሄኖክ ተራ መጽሐፍ አይደለም። ከቅዱሳት መጻሕፍት ተርታ የተቆጠረ ነው።

ታዲያ ሄኖክ ስለ ሰማይ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል ምን ይላል? ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትገባ ይናገራል። የዓመቱንም ቀናት ቆጥሮ 364 ናቸው ይላል። ገደማ አላለም። ልክ 364።

እስቲ አብረን እንቁጠር። አሥራ ሁለት ወር በሠላሳ ሲባዛ 360 ይሆናል። በሄኖክ ቁጥር የሚጨመረው አራት ቀን ብቻ ነው። የእኛ ጳጉሜን ግን አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ትሆናለች። ለመሆኑ አምስተኛዋን ቀን ማን ጨመራት? ስድስተኛዋንስ?

መልሱ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ናት የጨመረቻት! ምድር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባት 365 ቀን ከሩብ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች የቀሩት ነው። በትውፊታችን ባሕረ ሐሳብ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ተገለጠለት ይባላል። ይህን ቁጥር የተቀበሉት ሊቃውንት ሄኖክን ያውቁታል፤ ያከብሩታልም። ዓመቱን ሲቆጥሩ ግን በሄኖክ 364 አልቆጠሩም። ሄኖክንም «ተሳስቷል» ብለው ከመጻሕፍት ዝርዝር አልፋቁትም። ሰማዩን እንደ ሰማይ አነበቡ፤ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ አነበቡ። ማንም «ከሃዲ» አላላቸውም።

ቃል በቃል እንቁጠር ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? በየዓመቱ አንድ ቀን ከሩብ ያህል ስንሸራረፍ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ 124 ቀን እንስት ነበር። እንቁጣጣሽ ክረምቱ ሳይገባ፣ አደይ አበባም ሳትታሰብ፣ በግንቦት መጀመሪያ ይውል ነበር ማለት ነው። ገበሬው በየትኛው ወር ይዘራ ነበር? ልጆቹስ ምን ይዘው «አበባየሁሽ» ይሉ ነበር? እንግዲህ ዛሬ «ከፊደሉ ፍንክች ያለ ከሃዲ ነው» የሚለው ሰባኪ ጳጉሜን 5 ቀን ጠበል ሲረጭ ቢውል በገዛ አፉ ተፈረደበት ማለት ነው።

በየትኛው ቃል ነው ቃል በቃል?

ደግሞስ ቃል በቃል የሚሉት መቼ እርስ በርሳቸው ተስማሙና? ሦስት ቆጣሪዎችን ጎን ለጎን እናቁማቸው። የአይሁድ ዘመን አቆጣጠር ዓለም የተፈጠረችበትን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3761 ላይ ያደርገዋል። የአየርላንዱ የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ 4004 ነው አለ፤ ከነወሩና ከነቀኑ። ይህ ቁጥር ኋላ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኅዳግ ላይ እየታተመ ስንቱ አማኝ የራሱ የመጽሐፉ ቃል እየመሰለው ኖሯል። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይላሉ። ለዚህ ነው በ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517 የተባለው።

በአይሁድና በእኛ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? 1739 ዓመት! ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከመጽሐፉ ከራሱ። በዕብራይስጡ አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው 130 ነው። በግሪኩ፣ በሰባ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ 230 ነው። በሌሎቹም አበው ላይ እንዲሁ መቶ መቶ ዓመት ይለያያል። የግእዙ መጽሐፍ የግሪኩን መንገድ ተከተለ፤ የእንግሊዞቹ ደግሞ የዕብራይስጡን። እንግዲህ «ቃል በቃል ካላመንክ ወዮልህ» የሚለው ሰው በመጀመሪያ የየትኛውን ቅጂ ቃል እንደሚል ይንገረን። ከአሜሪካ በመጣ መጽሐፍ «ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው» ብሎ የሚሰብክ ኢትዮጵያዊ፣ የገዛ አባቶቹን ቁጥር በሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ መቀነሱን እንኳ ልብ አላለም።

ሌላም አለ። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። ታዲያ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ፀሐይ በሌለችበት በምን ነጉተው በምን መሹ? ይህን ጥያቄ ዳርዊን አላመጣውም። ክርስትና ገና ሁለት መቶ ዓመት በሆነው ጊዜ የእስክንድርያው አርጌንስ ጠይቆታል። አርጌንስ ኋላ በሌላ ትምህርቱ ተወግዟል፤ እውነት ነው። ግን ስለ ቃል በቃል ንባብ አንድ የሚያስደነግጥ ታሪክ ትቶልናል። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደሚተርከው፣ አርጌንስ በወጣትነቱ ስለ ጃንደረቦች የተነገረውን የወንጌል ቃል እንደ ወረደ ወስዶ ራሱን ሰለበ። ዓይንህ ካሰናከለችህ አውጥተህ ጣላት የሚል ትእዛዝም አለ። ግን ቃል በቃል ከሚሉት ሰባኪዎች መካከል እስከ ዛሬ አንድ ዓይናውን ስላሰናከለችው ያወጣ አላየንም። እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባለ አንድምታ ይሆናሉ!

አፋር ምን ይላል?

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። ድንቅነሽ የተገኘችው ሐዳር ላይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ከዋዜማው ሌሊት ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ረሽኖ በአንድ ጉድጓድ ቀበረ። በማግሥቱ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ምድር ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የያዘችውን አጥንት መለሰች። በዚህ አገር መሬት የተቀበረባትን ሁሉ ከጊዜ በኋላ ትናገራለች፤ የፈለገ ቢጠላው።

«ዕድሜዋን ማን ነገራቸው? ልደቷን ተመዝግባ ነበር እንዴ?» ብለው የሚቀልዱ አሉ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አለ። አፋር እሳተ ገሞራ ሲተፋበት የኖረ ምድር ነው። አመዱ እየወረደ እንደ እንጀራ በላይ በላዩ ተነጥፏል። በአመዱ ውስጥ አንድ ዓይነት ፖታሲየም አለ፤ በታወቀ ፍጥነት እየፈረሰ ከፊሉ አርገን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪፈርስ 1 ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲወጣ ጋዙ በኖ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከአጥንቱ በላይና በታች ባለው አመድ ውስጥ የተጠራቀመውን ጋዝ መዝኖ ጊዜውን ማወቅ ይቻላል። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የወጣው በዚህ መንገድ እንጂ በግምት አይደለም።

እሷ ብቻ ብትሆን «አንድ ጦጣ ነው» ብለን ባለፍነው። ግን አንድ አይደለችም። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ ላይ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን። በስለሺ ሰማው የሚመራው ቡድን ጎና ላይ ያገኛቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን። ብርሃኔ አስፋውና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረጉት የሄርቶ ሰው 160 ሺህ። ስሞቹን ልብ ብላችኋል? ይህን ሁሉ «ፈረንጅ ሃይማኖታችንን ሊያጠፋ የፈጠረው ተንኮል» የሚል ሰው፣ በዚያ ሐሩር ተንበርክከው አፈር ሲያበጥሩ የኖሩ የአገሩን ልጆች ዐይን አላየም ማለት ነው።

ነገሩ ሥርዓት አለው። ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር አጥንቱ ከእኛ እየራቀ ይሄዳል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እኛን እየመሰለ ይመጣል። በአራት ሚሊዮን ዓመቱ አመድ ሥር የእኔና የእናንተን ዓይነት ራስ ቅል ያገኘ ማንም የለም። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ነገር ተረት ቢሆን ኖሮ ይህን ሥርዓት ለማፍረስ አንድ አጥንት በቂ ነበር።

«ሳይንቲስቶችም እኮ በየጊዜው ይለዋውጣሉ» ይባላል። አዎ፣ ይለዋውጣሉ። ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜው 195 ሺህ ነው ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ቢያንስ 230 ሺህ ገደማ ነው ተባለ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1912 ተገኘ የተባለው የፒልትዳውን ሰው የሰው ራስ ቅልና የዝንጀሮ መንጋጋ ተገጣጥሞበት የተሠራ ማጭበርበሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ማን አጋለጠው? በ1953 ራሳቸው ሳይንቲስቶቹ ናቸው። ስሕተቱን በገዛ እጁ የሚያርም ሙያ ይታመናል። «ተሳስቼ አላውቅም» ከሚል ሰው ግን፣ ቆብ ያጥልቅ ወይ ከረባት ይሰር፣ ራቅ ማለት ይሻላል። ደግሞ እርማቱ ወደ ሰባት ሺህ ሲጠጋ አላየንም፤ የኦሞው ሰው ይባስ ብሎ አረጀ።

አንድም

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ አንዲት ቃል ያውቃል፤ «አንድም»። መምህሩ አንድ ንባብ አውጥተው ፍቺውን ይሰጣሉ። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ከዚያም «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ተማሪው የፊተኛውን ሳይጥል የኋለኛውን ይይዛል። ቅኔ ቤት ደግሞ ሰምና ወርቅ ይማራል። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ተማሪ «አልገባህም፤ ተቀመጥ» ይባላል። እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉ ሕዝቦች ሁሉ ይልቅ አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ እንዳለው በሥርዓተ ትምህርት ደረጃ ያስተማረ ሕዝብ፣ ዛሬ «አንድ ፍቺ ብቻ!» ብሎ ሲፎክር ከማየት በላይ ምን ጉድ አለ?

እንዳንዋሽ አንድ ነገር እንበል። አባቶቻችን ስድስቱን ቀን ስድስት ቀን ብለው፣ 5500ውን ዘመን 5500 ዘመን ብለው አስተምረዋል። ፊደሉን አልናቁትም። ፖታሲየምና አርገንም በዘመናቸው አልነበረም። ያስተላለፉልን ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፤ አነባበቡ ነው። ያ አነባበብ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ «አንድም» ብሎ ቦታ መስጠት ይችላል። ጳጉሜን ላይ አድርጎታል እኮ!

በእስልምናም በኩል ቢሆን ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው የኮርዶባው ዳኛና ሐኪም ኢብን ሩሽድ፣ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ከቅዱሱ ቃል የላይኛው ገጽታ ጋር የተጋጨ ከመሰለ፣ ቃሉ በዐረብኛ ሥርዓት ይተረጎማል እንጂ ማስረጃው አይካድም፤ እውነት ከእውነት አይጣላም ብሎ ተከራክሯል። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስም ከእሱ ሰባት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም ሲዘባርቅ ሃይማኖቱን መሳለቂያ ያደርጋል ሲል አስጠንቅቋል።

ታዲያ ይህ ጠብ የማን ነው? የሌላ ቤት ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ቴነሲ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ 100 ዶላርም ተቀጣ። በ1961 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን የምድርን ንጣፍ ሁሉ በኖኅ ጊዜ ውኃ ለማስረዳት የሞከሩበት መጽሐፍ ወጣ። ዛሬ በአማርኛ ተተርጉሞ የምንሰማው ክርክር ቅርጹ የዚያ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዚሁ መንገድ ሄዳ አይታዋለች። ኢያሱ ፀሐይን አቆመ ስለሚል ፀሐይ ትዞራለች ብላ ጋሊሌዮን በ1633 ፈረደችበት። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የፈራጆቹን ስሕተት በይፋ ያመኑት በ1992 ነው። ሦስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ! እኛም ይህን ያህል መጠበቅ አለብን?

«ታዲያ የቱ ላይ ይቆማል?»

የሚከበር አንድ ተቃውሞ አለ። «ዛሬ ስድስቱን ቀን አንድም ካልክ፣ ነገ ትንሣኤውንስ አንድም ልትል አይደለም?» ይላሉ። ጥያቄው የፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከልብ የሚያምን ሰው ጥያቄ ነው። መልስ ይገባዋል።

አንድምታ ያሻህን በል ማለት ሆኖ አያውቅም። አጥር አለው። አጥሩም ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የጀመሩት፣ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ የሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ነው። እስቲ በልባችሁ ድገሙት። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አምላክ አለ ይላል። ስንት ዓመት በፊት እንደፈጠረ ይላል? አይልም። በስንት ሰዓት፣ በምን መንገድ ይላል? አይልም። ስለ ትንሣኤው ግን በግልጽ ይላል። 318ቱ አባቶች የሃይማኖትን ምሰሶ ሲተክሉ የዘመን ቁጥርን ምሰሶ አላደረጉም። እነሱ ያላደረጉትን ዛሬ ምሰሶ ያደረገው ማነው? ምሰሶ ያልሆነውን ምሰሶ አድርጎ የሠራ፣ አንድ አጥንት በተቆፈረ ቁጥር ቤቱ ይናወጣል። ጥፋቱ የቆፋሪው አይደለም፤ የአናጢው ነው።

ለማዶዎቹም አንድ ቃል። አጥንት ዕድሜውን ይናገራል፤ አምላክ የለም ብሎ የተናገረ አጥንት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አጽናፈ ዓለም እየሰፋ ነው፤ ጥንት ከአንድ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ተነሥቷል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1927ና በ1931 ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የቤልጅግ ካቶሊክ ቄስ ነበር። የዘር ውርስን ሕግ ከአተር ማሳው ውስጥ ያወጣው ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበር። ስለዚህ ከአመድ ንጣፍ ተነሥቶ መቅደሱን ማፍረስ የሚፈልግም ሰው ከሙያው ድንበር ወጥቷል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

«ይኼ የሥራ ፈቶች ክርክር ነው፤ ጤፍ ስንት ገባ በሉን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግን ዋጋው በጤፍ ከሚከፈለው ይበልጣል።

መጀመሪያ የሚከፍለው ታማሚው ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ መታደል ሲጀምር፣ ጠበል ቦታ የሄዱ ብዙ ሕሙማን «እምነትና መድኃኒት አብረው አይሄዱም» ተብለው መድኃኒታቸውን ጣሉ። መዳን በእምነት ነው የሚለውን ቃል በቃል ወሰዱት። የሆነውን የምናውቅ እናውቃለን። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው የሚል መልእክት በአደባባይ አስተላለፉ። ስለ ሌላው ሥራቸው ብዙ ሊባል ይችላል፤ ይህ ቃላቸው ግን ነፍስ አድኗል። እሳቸው ያሉት በሌላ አነጋገር «አንድም» ነው።

ቀጥሎ የሚከፍለው ተማሪው ነው። የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ዝግመተ ለውጥ አንድ ምዕራፍ ይዞ ኖሯል። መምህሩ ምዕራፉ ላይ ሲደርስ «ለፈተና ያህል ያዙት፤ አትመኑት» ብሎ ቢያልፈው ምን ያስተምራል? ሁለት አፍ መሆንን ነው! ለፈተና አንድ እውነት፣ ለቤት ሌላ እውነት። በዚህ ተኮትኩቶ ያደገ ልጅ ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲሆን ማስረጃ ሲቀርብለት «ለሪፖርት ያህል» ነው የሚቀበለው። ብልሁ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአመዱ ነገር እውነት መሆኑ ሲገለጥለት፣ «ስለዚህ የዋሹኝ ሁሉንም ነው» ብሎ ጸሎቱንም ጾሙንም አንድ ላይ ይጥላል። ሰባኪው አጥንቱን ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ልጁን ግን አጥቷል።

ባለሁለት አፍነቱን ደግሞ ከላይ ነው የተማርነው። መንግሥት ለቱሪስቱ «የ13 ወር ፀጋ» እያለ ያቺኑ ጳጉሜን ሲሸጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መፈክሩን «ምድረ ቀደምት» አለው። ድንቅነሽን በ2007 ሂዩስተን ድረስ ልኳት ለዓመታት ስትታይ ኖረች። በ2015 ባራክ ኦባማ ሲመጡ አጥንቷን በእጃቸው አስነኳቸው። በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ሄደች። ለዶላር ሲሆን ሦስት ሚሊዮን ዓመቷ ነው! ለአገሬው ልጅ ግን ደፍሮ የሚያስረዳ ሹም የለም፤ ምእመናን ይቀየሙኛል ብሎ። ለፈረንጅ የሚታይ ለልጃችን የማይነገር ቅርስ ምን ዓይነት ቅርስ ነው?

ዝምታው ወዴት እንደሚወስድ ከጎረቤት ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኬንያ ውስጥ አንዳንድ የወንጌላውያን መሪዎች የናይሮቢው ብሔራዊ ሙዚየም የቱርካናውን ልጅ አጽም ገለል አድርጎ እንዲያስቀምጥ ዘመቻ ከፍተው ነበር። የሙዚየሙ ሰዎች እምቢ አሉ። የእኛዎቹ ሹማምንት እንዲህ ያለ ዘመቻ ቢመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። መጀመሪያ ስብሰባ ይጠራሉ፤ ከዚያ «ዕድሳት ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ሰባኪው አዲስ ነገር ሳይሆን የአባቶቹን «አንድም» ይመልስልን። ቁጥር ምሰሶ አይደለም ብሎ ለመናገር ይድፈር፤ ድፍረቱን ከጳጉሜን ይማር። መምህሩ ምዕራፉን በሙሉ ልቡ ያስተምር፤ ስለ ልጁ ነፍስ ግን አይፍረድ። መንግሥት ድንቅነሽን ለኤግዚቢሽን ከማስጫኑ በፊት ለአፋርና ለአዲስ አበባ ተማሪ በአማርኛና በአፋርኛ ያስረዳልን። ወላጅ ደግሞ ልጁ «አባዬ፣ የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ ሲጠይቀው «ዝም በል!» አይበለው። ጥያቄ ያልተመለሰለት ልጅ መልሱን ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ ያ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ጥሩ ቤት አይደለም።

በመጪው ጳጉሜን 5፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ለዋዜማው ዶሮና ቄጤማ ለመግዛት ሲራወጥ፣ ያቺ ቀን እንዴት እንደመጣች ለአንድ ሰው ንገሩ። በሄኖክ ቁጥር አልነበረችም። ሄኖክን የሚያከብሩ ሰዎች ግን ተቀብለዋት፣ እኛም ዛሬ ድረስ እንኖርባታለን።

ቸር ይግጠመን።